በልኳ የተሰፋ

«ውሃው በርዷል» አሉ አማቷ፣ እጃቸውን ሳይነክሩ።

ልብስ ሰፊዋ ምራታቸው «እሺ እማማ» አለችና ማንቆርቆሪያውን ሳፋው ላይ ዘንበል አድርጋ መለሰችው። ጠብ ያለ ነገር የለም፣ ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው። ስምንት ወር የሞላት ልጇ በዚሁ ውሃ ስትታጠብ ኖራ አንድም ቀን አስነጥሷት አያውቅም። አሁንም በሁለት እጇ ውሃውን እየመታች የእናቷን ቀሚስ ታበሰብሳለች።

ይህን «እሺ» ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ናት። እሺ በያቸው፣ ከዚያ የራስሽን አድርጊ፣ ከሳቸው ጋር ስትነታረኪ ወተትሽ እንዳይደርቅ፣ ብላት ነበር በስልክ። እውነትም በጅቷታል። አማቷ ውሃ ቀጠነ ባይ ናቸው። እሳቸው እንደሚሉት ልጅ ታቅፋ ታሞላቅቃለች፣ ደግሞ አስተኝታ ትረሳለች። ጡት ታበዛለች፣ ደግሞ ትነፍጋለች። ከሁሉም በላይ ግን መስኮቱ ሥር ያለው የስፌት መኪና አይዋጥላቸውም። ብናኝ ባለበት ቤት ልጅ አያድግም፣ ቁልፍና መርፌ በተበተነበት ወለል ልጅ አይድህም፣ አንድ ቀን አንዱን ትውጠዋለች። ለሁሉም እሺ። ሰፊዋ እሺ ትልና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

ዛሬ ግን አማቷ ብቻቸውን አልመጡም። የባሏ ታላቅ እህት፣ ነርሷ፣ ሰላም ብላ ሳትቀመጥ መኝታ ቤት ገብታለች። መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። ባሏ ሶፋው ጫፍ ላይ ጫማውን እንዳደረገ ቁጭ ብሏል። በእረፍት ቀኑ ከሰዓት በነጠላ ጫማ የሚንፏቀቅ ሰው ነበር።

እትዬ ምን ፈልጋ ነው ብላ ጠየቀችው። እንጃ አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ያቺን ልብስ ጨረስሻት?» አሉ አማቷ።

ለጎረቤት ልጅ ነው ብለው ያዘዟት ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት የሕፃን አልጋ አንሶላና የፍራሽ ልባስ፣ ከዚያ ደግሞ ቢጫ የሌሊት ልብስ አዘዙ። ልኩን ስትጠይቃቸው በራስሽ ልጅ ለክተሽ ስፊው፣ እኩያ ናቸው አሏት። ደስ ብሏት ነበር። እኚህ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የእጄን ሥራ ፈለጉ ብላ ሌሎች ደንበኞቿን አቆይታ ሰፋችው። አንገቱ እንዳይከረክር በስስ ጥጥ ገበረችው፣ ፊት ለፊቱ ላይ አምስት ነጫጭ ቁልፎች ደረደረች። አንሶላውንና ልባሱን ባለፈው ሳምንት ወስደዋል።

ልብሱን ከማንጠልጠያው አወረደችላቸው። አማቷ ሕፃኗን ከሳፋው አንስተው በፎጣ አደራረቋትና፣ እስቲ እንየው ብለው አለበሷት። ልክክ አለ። አምስቱንም ቁልፍ ቆለፉ። ለማውለቅ ግን እጃቸው አልተመለሰም።

ነርሷ ከመኝታ ቤት ወጣች። በእጇ የጉዞ ቦርሳ ይዛለች። ዚፑ አልዘጋ ብሎ የልጅቷ ሮዝ ኮፍያ በጎን ብቅ ብሏል።

ሰፊዋ ክው አለች። «ወዴት ነው?»

«እኛ ጋ ነዋ» አሉ አማቷ በዝግታ፣ ታማሚ እንደሚያነጋግሩ። «አልጋዋም ተነጥፏል። እስክትጠነክሪ እኛ ጋ ትክረም ብዬ ሐሙስ ዕለት ነግሬሽ የለ? አንቺም እሺ ብለሽኛል።»

ሐሙስ ዕለት የተማሪ ዩኒፎርም ስታጣድፍ ነበር። መኪናው ያጓራል፣ እሳቸው ከጀርባዋ ቆመው ይናገራሉ። ካሉት አንዱንም አልሰማችም። የመለሰችውን ግን ታውቀዋለች።

ባሏን አየችው። «ተስማምታለች ብለውኝ እኮ ነው» አለና ተነሳ።

የጎረቤት ልጅ የሚባል እንደሌለ አሁን ገባት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የልጇን መሄጃ ስትሰፋ ከርማለች። ብትጮህ ይኸው ጤነኛ አይደለችም አላልኩም ይላሉ። ብታለቅስም ያው ነው። ስለዚህ በለመደችው ድምፅ ተናገረች።

«እሺ። አንዱ ቁልፍ ግን ላልቷል፣ ልጅቷ ትውጠዋለች። ላጥብቀውና ውሰዷት።»

የራሳቸው ስጋት ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻሉም። ሕፃኗን አቀበሏት። ሰፊዋ ሳፋው አጠገብ ካለው መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ ልጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ቀጭኑን መቀስ አነሳች።

ከታች ጀመረች። የመጀመሪያው ቁልፍ ተቆርጦ እግሯ ሥር ካለው ሳፋ ውስጥ ጠብ አለ። ሁለተኛው ተከተለ። ምን እየሠራሽ ነው አላት ባሏ። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ልጅቷ መቀሱን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። እናቷ ትንሿን እጅ በጉንጯ ገፋ አድርጋ የመቀሱን ጫፍ ከልጅቷ አገጭ ሥር አስገባች፣ አምስተኛው ቁልፍ እዚያ ነው። እጇን ታምነዋለች። አሥር ዓመት መቀስ ይዛ ልትቆርጥ ያላሰበችውን ነገር ነክታ አታውቅም።

ቀና ስትል ሦስቱም ቁልፉን አያዩም፣ የሚያዩት መቀሱን ነው። ነርሷ ቦርሳውን ወለል ላይ አስቀምጣ፣ ስልኳን ቀስ ብላ ከኪሷ አወጣች።

«ልጄ» አሉ አማቷ። አንድም ቀን እንዲህ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። «ልጄ፣ መቀሱን አስቀምጪው።»

«እሺ እማማ» አለች። አምስተኛው ቁልፍ ውሃው ውስጥ ወደቀ። እሷም ልብሱን ከአንገቱ ጀምራ መተርተር ቀጠለች።