ከኋላህ ሰው አለ

«መሐል ሜዳ ለፍሊን አይሆንም ብዬህ ነበር!» አለች ግሌኒስ፤ የበላችውን የሥጋ ፓይ ፍርፋሪ ከጉልበቷ እያራገፈች። «ዳር ሲጫወት እሳት ነበር። አሁን ኳስ በያዘ ቁጥር ከኋላ መጥተው ይጥሉታል።»

«ገና ሃያ ዓመቱ ነው እኮ፤ ትንሽ ታገሺው እንጂ!» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ሜርቭ። «መሐል ሜዳ በአንድ ክረምት አይለመድም።»

«የኔን ትዕግሥት አንተ ጨርሰኸዋል። ጓደኞቹ ‹ከኋላህ ሰው አለ› እያሉ ሲጮኹለት ዞር እንኳ አይልም። ኩራት ነው፣ ሌላ አይደለም!»

ከፊታቸው የተቀመጠችው የፍሊን እናት ዞር አላለችም። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን፣ የልጇን የማሊያ ቁጥር፣ ሠላሳ አራትን፣ በእጇ የሰፋችበትን ሻርፕ ጫፍ ጨብጣ ሜዳውን ታያለች። ባለፈው ወር ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ ፍሊን በግራ ጆሮው እንደማይሰማ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ከጨዋታ ያስወጡኛል፤ ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብትዪ ልጅ የለሽም» ብሏት ነበር።

ፍሊን እንቁላል መሳዩን ኳስ ከግርግሩ መሐል መንጭቆ ወጣ። በግራ በኩል፣ ከኋላው፣ አንድ ግዙፍ ተጫዋች ተንደረደረበት። ሜርቭ ከመቀመጫው ዘለለ፤ ግሌኒስም ተነሣች፤ ከዚያ በዝናብ የራሰው ሕዝብ በሙሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

«ከኋላህ! ከኋላህ ሰው አለ!»

እናቱ ብቻ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፤ አልጮኸችምም። ክፉ ነገር እንዳያይ ዓይኑን እንደሚከልሉት ሕፃን፣ ሻርፑ ላይ የሰፋችውን ቁጥር በመዳፏ ሸፈነችው።