የእጅ ሥራ

ታናሽ ወንድም ታላቅ እህቱን በደለ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

እናታቸው ሁለት ብቻ ወለደች፤ ምላሱን ለአንዷ፣ ግንባሩን ለአንዱ አካፈለች። ባለ ምላሷ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ ኮፒ ሊደረግ የመጣን ውሳኔ ሁሉ ማሽኑ እስኪሞቅ ታነበዋለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ያነበበ ሰው፣ የትኛው ዳኛ አስቦ እንደፈረደና የትኛው ምሳ ሰዓት ደርሶበት እንደፈረደ ከነጠላ ሰረዙ ያውቃል።

ባለ ግንባሩ ጠበቃ ነው። የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን የሚተችበት ዝነኛ ብሎግ አለው። ከላይ ክንዱን አጣጥፎ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ከሥር ጽሑፍ አለ። ፎቶው የእሱ ነው። ጽሑፉ የእሷ ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። እሷ ውሳኔውን አንብባ ጭብጡንና ትችቱን በባለ መስመር ደብተር በእስክሪብቶ ትጽፋለች፤ ኮምፒውተር ላይ ማሰብ አይሆንላትም። እሱ ሐሙስ ሐሙስ መጥቶ ይወስዳል፣ ሁለት ሦስት ስድብ ጣል ያደርግበታል፣ ይለጥፋል። ውሳኔውን ራሱን አያነበውም። «እትዬ ካኘከችልኝ እኔ ምን ጥርስ አስፈለገኝ?» ይላል። ሁለት ጥብቅ ደንቦች ብቻ ነበሩት፦ የተከራካሪ ስም አይጠራም፤ የይግባኝ ጊዜው ያላለፈ ጉዳይ አይነካም።

«ስም ካልጠራን ማን ይከሰናል?» ይላል።

ስምንት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ አሳታሚ ጽሑፎቹን በመጽሐፍ ላውጣ አለ።

«ስሜ የት ጋ ነው?» አለች፣ የሽፋኑን ናሙና ገልብጣ ገልብጣ አይታ።

«እትዬ ደግሞ! ሽፋኑ እኮ ጠባብ ነው።»

«ግንባርህን ችሎ የለ እንዴ? ያ ብቻውን ሦስት መስመር ይወጣዋል።»

ሳቀ። «ስምንተኛ ክፍል የጻፈውን የሕግ መጽሐፍ ማን ይገዛል? ደግሞስ አንቺ እንደጻፍሽው ማን ያውቃል?»

ዝም አለች።

ይህ ነው ያስደነገጠው። መልስ ለመስጠት ማስነጠሷን የምታቋርጥ ሴት ናት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠረጠራት። «መርዝ ልትጨምርብኝ ነው» አለ ለሚስቱ። «የሌለ አንቀጽ ታስጠቅሰኛለች፣ የተሻረ ሕግ ታስወድሰኛለች። በሰው ፊት መሳቂያ ልታደርገኝ ነው።»

«ብታደርገውስ በምን ታውቃለህ?» አለች ሚስቱ። «አንብበህ አታውቅ።»

የሐሙሱ ጽሑፍ ግን አልተቋረጠም። እሷ እየጻፈች ሰጠች፤ እሱ እየፈራ ወሰደ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ወረፋ ይዞ ዓመት ሊሞላው ሆነ፤ ወሬው ግን ቀድሞት ወጣ፣ አድናቂም በዛ። ካፌ ተቀምጦ ይፈርማል፣ ጸጉር ቤት አንገቱን ታስሮ ይፈርማል። አንዱማ እስከ ቢሮው መጥቶ ፖስታ ሰጠውና ደብተር ዘርግቶ እዚህ ጋ ፈርምልኝ ቢለው፣ «ለመልካም አንባቢዬ» ብሎ ጭምር አሳምሮ ፈረመለት። ፖስታውን ሳይከፍተው ከሌሎቹ የአድናቂ ደብዳቤዎች ላይ ወረወረው።

መጽሐፉ ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ሐሙስ ሆነ። እህትየው ከደብተሯ አንድ ቅጠል ገነጠለችለት። ትችት የለበትም፤ የመዝገብ ቁጥር፣ የተጠቀሱ አንቀጾችና ጭብጥ ብቻ ነው።

«ተከሳሽ፣ ከሳሽ ለዓመታት የሠራችውን የእጅ ሥራ የራሱ አስመስሎ በስሙ ሲያወጣ ኖሯል። መጥሪያ ፈርሞ ተቀብሎ አልቀረበም። ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ሥራው የከሳሽ ነው ተብሏል፤ ተከሳሽ ከእንግዲህ በስሙ እንዳያወጣ ታግዷል። ይግባኝ ሳይባልበት ጊዜው አልፏል።»

«የእጅ ሥራ?» አለ። «ጥልፍ ነው እንዴ?»

«እንዳየኸው ነው። እኔ አልጨመርኩም።»

«ትችቱስ?»

«ይሄን አንተው ሞክረው። እጄን አሞኛል።»

ይኼኔ መርዙ እዚህ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ሆነ። ቢሮው እንደገባ መዝገብ ቤት ደወለ። በዚህ ቁጥር መዝገብ አለ? አለ። ውሳኔው እንደዚህ ነው? ነው። ይግባኝ? የለም። የተከራካሪ ስም እንደ ደንቡ አልጠየቀም። ስልኩን ዘግቶ የሕግ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረደ፣ አቧራውን እፍ ብሎ የተጠቀሱትን አንቀጾች አንድ በአንድ አመሳከረ። አንዲት ስህተት የለችም።

እፎይ አለ። እንዲያውም አፈረ፤ ያችን የመሰለች እህት በከንቱ ጠረጠረ።

በዚያው ስሜት ተቀምጦ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጽሑፍ ራሱ ጻፈ። «ወንድ ልጅ የሴት ጥልፍ ሰርቆ!» ብሎ ጀመረ። «ይህ ጀግና መጥሪያውን በገዛ እጁ ፈርሞ ተቀብሏል። ነገ ተነሥቶ አላወቅሁም ነበር፣ መዝገቡ እንደገና ይከፈትልኝ ቢል፣ የሚከፍትለት ዳኛ እሱ ራሱ ይመርመር። ማንበብ የማይችል ከሆነ ጎረቤት ያስነብብ፤ ማንበብ እየቻለ ካላነበበ ደግሞ የእጁን አገኘ። ፍርዱ ብረት ነው።» ከሥሩ ሙሉ ስሙንና የጥብቅና ፈቃድ ቁጥሩን አኖረ።

አንባቢ ፈነደቀ። እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ ጽሑፉ በከተማው ጠበቆች ስልክ ሁሉ ዞረ። ሁለት ዳኞችም ወደዱት።

ረፋድ ላይ እየሳቀ እህቱ ክፍል ገባ። እሷ ጽሑፉን ቀድማ አትማዋለች፤ ቀን ጽፋበት፣ ከአንድ ውሳኔ ግልባጭ ጋር አያይዛ ስቴፕለር እየመታችበት ነበር።

«እትዬ፣ ሰው እኮ በሳቅ ሞተ! አየሽ፣ እኔም መጻፍ እችላለሁ።»

«አየሁ። እያንዳንዷን ቃል።»

«ግን ይሄን ደነዝ ተከሳሽ በዓይኔ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጅል አለ? ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?»

እህትየው ስቴፕለሩን አስቀመጠች፤ ያን ዕለት የዋጠችውን መልስ ከዓመት በኋላ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች ሰጠችው።

«የእናቴ።»