ግደሉት የምትለው ሴትዮ

የሥራ ባልደረቦቹ «ሦስተኛው» ይሉታል። ይህን ስም ያወጣለት ሥራው ነው። ሦስተኛው ሌባ፣ ሦስተኛው ፖሊስ፣ ሦስተኛው ምስክር እየሆነ በፊልም ላይ ጠጉሩን አሽብቷል። አንድ ጊዜ አስተናጋጅ ሆኖ ሲሠራ ሰሃን የሚያስቀምጠው እጁ ብቻ ታየ። እናቱ ግን በእጁ አውቃው ጎረቤት ጠራች።

ሥራ ሲያጣ ቤት ውስጥ ይተውናል። ሚስቱን ወጡ ላይ ጨው አብዝተሻል ብሎ በመርማሪ ድምፅ ያፋጥጣታል። ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ደግሞ በሩ ላይ ቆስሎ ይወድቃል። ሚስቱ ባልዲዋን እንደያዘች ተራምዳው ታልፋለች።

በስተርጅና ግን ቀናው። በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የሙት ልጆችን ቤት የሚቀማ ጨካኝ አጎት ሆነ። ቶሎ ይሞታል ተብሎ ነበር፤ አልሞተም። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቶ ስለማያውቅ፣ ጠዋት ከቤት ሲወጣ እንኳ ካሁን ካሁን ተመለስ ይሉኛል እያለ ይሰጋ ነበር።

ስጋቱን ያባሰችው አንዲት ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ አሮጊት ሴትዮ ናት። ድራማው በታየ ማግስት ወደ ጣቢያው ትደውላለች። ስልኩን የምታነሳው ልጅ ለዳይሬክተሩ ትነግረዋለች፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ እየሳቀ ወሬውን ሜካፕ ክፍል ድረስ ይዞ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ ዛሬም ደውላለች። ያ አረመኔ እስካሁን እንዴት አልሞተም፣ ግደሉት ነው የምትለው።»

ሁሉም ይስቃሉ። የሦስተኛው ግን ፊቱ ላይ የተቀባው ዱቄት ከላቡ ጋር ይወርዳል። ሕዝብ ከጠላኝ አለቀልኝ፣ ይላል በሆዱ።

የሚገርመው፣ ሴትዮዋ በደወለች ቁጥር በድራማው ውስጥ የእሱ ድርሻ ይረዝማል። መጀመሪያ ልጆቹን ከቤት አስወጣ። ቀጥሎ ውሻቸውን መረዘ። ኋላ ላይ ከዘራ ተሰጠው፤ ከከዘራው በኋላ መኪና ከነሹፌሩ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰት ነበር። እሱ ግን «እያደለቡኝ ነው፣ ሊያርዱኝ ነው» ብሎ ለሜካፕ ሠሪዋ ነገራት። እሷም ጢሙን እስክትለጥፍለት አፉን እንዲዘጋ ነገረችው።

ከሕዝብ ጋር ለመታረቅ ያላደረገው የለም። አውቶቡስ ውስጥ ለአንዲት አሮጊት ተነሳላቸው። አሮጊቷ ፊቱን ካዩ በኋላ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ አንተ የተነሳህበት ወንበር ላይ አልቀመጥም፣ ምን ቀብተህበት እንደሆነ ማን ያውቃል አሉት። የጎረቤቱን የዱቄት ከረጢት ሊሸከምለት ሲሞክር ደግሞ ጎረቤትየው ሌባ ብሎ ጮኸበት።

ቆይቶ ጥርጣሬው ዋናው ተዋናይ ላይ ወደቀ። የሙት ልጆቹ ታላቅ ወንድም ሆኖ የሚሠራ መልከ መልካም ወጣት ነው። ድሮ ፖስተሩን ለብቻው ይሞላው ነበር፤ አሁን የጨካኙ አጎት ፊት ገብቶ ግማሽ ትከሻውን ቆርጦበታል። ወጣቱ በዚያ ላይ የሰው ድምፅ ያስመስላል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የፕሮዲውሰሩን እናት ሲያስመስል ፕሮዲውሰሩ ከሌላ ክፍል ሆኖ «አቤት እማዬ» ብሏል።

ሦስተኛው ወጣቱን ከልብስ ማንጠልጠያዎቹ ጀርባ ያዘው።

«ልጄ፣ ጉሮሮዬን አትዝጋብኝ።»

«ምን አደረግሁ ጋሼ?»

«አሮጊት እየሆንክ የምትደውለው አንተ ነህ።»

ወጣቱ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ሳቀ። ንጹሕ ሰው እንዲህ አይስቅም፣ አለ ሦስተኛው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሁሉን ነገራትና አለቀሰ። የእውነት ይሁን የትወና ለመለየት ሚስቱ ትኩር ብላ አየችው።

«ማንም ትሁን ማን፣ ያቺን ሴትዮ ባገኛት እግሯ ላይ እወድቅ ነበር» አላት። «እንቅልፍ ነሳችኝ እኮ። ከገደሉኝ እንግዲህ እዚሁ ነኝ፤ ጠዋትም ማታም ከአንቺ ጋር።»

የሚስቱ ቢላዋ ቆመ።

«በል አታልቅስ» አለችው። «ትተውሃለች።»

እውነትም ስልኩ ቆመ። በሚቀጥለው ሳምንት አልተደወለም፤ ከዚያ በኋላም አልተደወለም። ሦስተኛው ወጣቱን አስፈራርቼው ነው ብሎ ኮራ። እንቅልፉ ተመለሰ። ወጣቱን በኮሪደር ሲያገኘው ምሕረት እንዳደረገ ንጉሥ አገጩን ከፍ አድርጎ ሰላም ይለው ጀመር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራውና ወንበር ሳበለት። ሦስተኛው እስከዛሬ ወንበር የሳበለት ሰው ስላልነበረ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩም አልሳቀም። በሚቀጥለው ክፍል አጎትየው እንደሚሞት ነገረው።

«ሴትዮዋ ተወችኝ እኮ» አለ ሦስተኛው።

«ችግሩም እሱ ነው ጋሼ። አለቆቼ ቶሎ ይሙት ሲሉ፣ ሰው እንዲህ አንጀቱ እስኪቃጠል የሚጠላው ተዋናይ ከየት ይገኛል እያልኩ በእሷ ስልክ ነው ያቆየሁህ። መኪናውንም ያገኘኸው በእሷ ነው። አሁን ዝም አለች። ማንም የማይጠላውን ክፉ ሰው ምን እናድርገው?»

ሦስተኛው ቤቱ ደርሶ በሩ ላይ እንደቆመ ለሚስቱ ሁሉን ነገራት። ከዚያ ኮቱን አወለቀና ሳሎኑ መሀል መሞት ጀመረ። አንዴ በጎኑ ወደቀ። ተነሳና በጀርባው ወደቀ። የትኛው እንደሚሻል ጠየቃት። ልቡን ይዞ በዝግታ ቢሆንስ፣ አላት፤ ይህንንም ወድቆ አሳያት። ነገ ደግሞ ከጠዋት ጀምረን አብረን እንለማመደዋለን አለ።

ሚስቱ ተራምዳው ወደ ወጥ ቤት ገባች፣ በሩን ከውስጥ ዘጋች፣ ስልኳን አንስታ ደወለች፣ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ድምፅዋን አንቀጠቀጠች።

«ሃሎ፣ ልጄ፣ አሞኝ ነው የጠፋሁት። ያ አረመኔ አሁንም አልሞተም እንዴ?»