ያቤጽ የዘጋው ቀዳዳ

ጂንካ የምንሠራበት ክሊኒክ የበሽተኛ ካርድ የሚወጣበትን፣ እዚሁ ኮምፒውተራችን ላይ ያለውን ዌብሳይት የሠራው ያቤጽ ነው። አብረን ተምረናል፣ በአንድ ኳየር ዘምረናል፤ እንደ ወንድሜ ነበር የማየው።

የመፈለጊያው ሳጥን ቀዳዳ እንዳለው የነገርኩት እኔ ነኝ። በበሽተኛ ስም ፋንታ ትእዛዝ ከተጻፈበት ሲስተሙ እሺ ብሎ ይፈጽማል። የውጭ ሰው በዚያ ገብቶ የሁላችንንም ካርድ ማየትና መለወጥ ይችላል።

«አባቴ እኛ አገር ሃና ከተማ በረቱን በእሾህ ከመዝጋቱ በፊት አውሬ ገብቶ እንደሆነ ውስጡን ዞሮ ያያል» አልኩት። «አንተም መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ዝጋ።»

በማግስቱ «ዘግቼዋለሁ፣ አስቱ፤ አታስቢ» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ዛሬ ጠዋት የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅዬ አቧራ ስጠርግ፣ ማንም ያልነካው የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ስሜ ፊደል በፊደል ተጻፈ፦ አስቻለች። የራሴ ካርድ ተከፈተ። አድራሻዬ ጠፋና በቦታው ሌላ ጽሑፍ ገባ፦

«ኮምፒውተሩ ፊት ገመድ ይዛ ቆማለች።»

ገመዱን ጣልኩት።

ጽሑፉ ተለወጠ፦ «ገመዱን ጣለች።»

ያቤጽ ከፊት ለፊቴ እጆቹን አጣጥፎ ተቀምጧል። ምን እንዳየሁ አልጠየቀኝም።

«ያቤጽ፣ ዘግቼዋለሁ አላልከኝም?»

«ዘግቼዋለሁ እኮ። አልዋሸሁሽም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

«እንዳልሽኝ መጀመሪያ ውስጡን አየሁ» አለ። «የገባው እዚያ ነበር። ከዚያ ዘጋሁበት።»