የሰርዳር ሱርጃን ሲንግ ሃምሳኛ ንግግር

ጉግሳ በአንድ ብብታቸው፣ ልጃቸው ጃስፓል በሌላው ይዘው ሽማግሌውን ሰርዳር ሱርጃን ሲንግን የታክሲ ማቆሚያው የኮንክሪት ጠርዝ ላይ አወጧቸው። ወንበር ቀርቦላቸው ነበር፤ «ተቀምጬ ለሕዝብ አልናገርም» ብለው እምቢ አሉ። ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። በዚያ በዳላስ የነሐሴ ፀሐይ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ሰማያዊ ጥምጥማቸውን አሳምረው ቆሙና ሕዝቡን አዩ።

ሕዝቡ አውሮፕላን ማረፊያው ጓሮ ተራ የሚጠብቁ ሠላሳ የሚሆኑ ባለታክሲዎች ናቸው። ግማሹ እንደ ጃስፓል ጥምጥም የሚያደርግ የህንድ ሲክ ነው፣ ግማሹ ሐበሻ። ሐበሻውን ለምኖ የሰበሰበው ጉግሳ ነው፤ ጉግሳን ደግሞ የለመነው ጃስፓል።

«ብራዘር» ብሎት ነበር ከሳምንት በፊት፣ «አባቴ ከእንግሊዝ ጋር የታገለ፣ በኋላም ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ህንድ ነጻ በወጣችበት ቀን በየዓመቱ አደባባይ ወጥቶ ይናገራል፤ አንድም ዓመት አስታጉሎ አያውቅም። ዘንድሮ ሃምሳኛው ነው። ካሮልተን ከተማ አፓርትመንት ውስጥ ተቀምጦ ለማን ይናገር? ለቴሌቪዥኑ?»

ጉግሳ አንጀቱ አልችል ብሎት እሺ አለ። እሺ ማለት ደግሞ ያውቅበታል፤ ሰው ሁሉ የሚወደውም የሚቀልድበትም በዚሁ ነው።

«ጉግሽ፣ ማለቴ፣ በፑንጃቢ ነው እንዴ የሚያወሩት?» አለው ባለታክሲው ጓደኛው ነቢዩ በጆሮው። «ሶ ምን ልንሰማ ነው የቆምነው?»

«ሽማግሌ ሲናገር መስማት አቃተህ? ትንሽ ታገሥ።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ግን ኮል ካደረጉን እኔ የለሁበትም፤ ከጠዋት ጀምሬ ላይን ላይ ነኝ።»

ሽማግሌው ጀመሩ። ድምፃቸው ከዚያ ከደቀቀ ሰውነት ይወጣል ተብሎ የሚጠበቅ አልነበረም፤ ሳንድዊች ይበሉ የነበሩት ሁሉ ማኘካቸውን አቆሙ። ጃስፓል ጉግሳ አጠገብ ቆሞ በእንግሊዝኛ ያሾከሹክለት ጀመር።

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እንግሊዞች አሰሩኝ፣ ይላል። እስር ቤት ውስጥ መናገር ተማርኩ። ስወጣ ገበሬው ሁሉ እኔን ለመስማት በእግሩ ቀን ሙሉ ይጓዝ ነበር... አሁን ስለ መንደራችን ነው የሚለው። እንግሊዝ ሊወጣ ሲል አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ህንድና ፓኪስታን ሆነ። የመንደሬ ሰዎች እንሂድ ወይስ እንቆይ ብለው ጠየቁኝ። መሪያቸው ነኝና ቆዩ አልኳቸው፣ ድንበሩ ከኛ ወዲያ ነው የሚያልፈው አልኳቸው።» ጃስፓል ወደ አባቱ ዞር አለ። «ድንበሩ ከኛ ወዲህ አለፈ፤ መንደሩ ፓኪስታን ውስጥ ቀረና እልቂት መጣ። ደርሼ ሳይ ቤቶቹ አሉ፣ ሰው የለም። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳመለጠ የሚነግረኝ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ በተናገርኩበት አደባባይ ሁሉ ዓይኔ የእነሱን ፊት ሲፈልግ ኖረ፣ ይላል።»

ጉግሳ ቀና ብሎ አየ። እውነትም የሽማግሌው ዓይን አንድ ቦታ አያርፍም ነበር፤ ከሰው ወደ ሰው እየተሻገረ፣ የነቢዩን ፊት ሳይቀር ይመረምራል።

ይሄኔ የተራ መጥሪያው ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ሂዩስተን ላይ ዝናብ ይዟቸው የነበሩ አውሮፕላኖች ተከታትለው አርፈዋል፤ ተራ አስከባሪው ያለ የሌለውን ታክሲ ሁሉ ጠራ። ነቢዩ እግሬ አውጪኝ አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ኋላ በጅምላ ወደ መኪናቸው ሮጡ፤ ሲኮቹ ሲሄዱ እጃቸውን አጋጥመው ለሽማግሌው ጎንበስ ይላሉ። በር በተዘጋ ቁጥር የሽማግሌው ድምፅ ትንሽ ይወርዳል፤ ግን አላቋረጡም።

የጃስፓል መኪና መውጫው ላይ ነበርና ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ለቀቀበት።

«መኪናዬን ማንሳት አለብኝ፤ ዞሬ እስክመጣ አሥር ደቂቃ ነው» አለ ጃስፓል፣ ላብ በላብ ሆኖ። «ብራዘር፣ ሲጨርስ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፤ የኛ ሥርዓት ነው። ማን ይመልስለታል?»

«ቃሉን ንገረኝ!» አለ ጉግሳ። ጃስፓል ግን ሮጦ ሄዷል።

የጉግሳም ተራ ደርሶ ነበር። ነቢዩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጉግሽ! አብደሃል እንዴ?» ብሎት አለፈ። እሱም ራሱን ያንኑ ጠየቀ፤ መኪናው እዚያ ቆማ ታየዋለች፣ እግሩ ግን አልሄድ አለው። እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ሕዝባቸውን አጥተዋል፤ ዛሬ ደግሞ እኔን ይጡ? አለ በሆዱ። ሰፊው አስፋልት ላይ እሱና ሽማግሌው ብቻ ቀሩ። አስተርጓሚ ስለሌለው አንድም ቃል አይገባውም፤ ዓይናቸውን ብቻ እያየ ሰማ።

በመጨረሻ ቀኝ እጃቸውን አነሱና ተጣሩ።

መልሱን የማያውቀው ጉግሳ ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ ተወው፤ የአንድ ሰው ጭብጨባ ፌዝ ይመስላል። ሽማግሌው ጠበቁ። እንደገና ተጣሩ፤ አሁን ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ።

ሜስኪት ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያኑ አንድ ሽማግሌ ሊመርቅ እጁን ሲያነሳ ከጉግሳ ሆድ የሚወጣው ቃል፣ እሱ ሳያስበው አመለጠው።

«አሜን!»

ማቆሚያው አስተጋባ። ሽማግሌው እጃቸውን ሳያወርዱ ድምፁ ከየት እንደመጣ ፈለጉ፤ ከጠርዙም በራሳቸው እግር ወረዱና አጠገቡ መጥተው ቆሙ። ፊቱን፣ ግንባሩን፣ አገጩን አንድ በአንድ አዩት። ጉግሳም እንዲያዩት ፊቱን ቀና አደረገላቸው። ከመንደራቸው እንዳልሆነ ሳያውቁት አይቀሩም። ሦስተኛውን ጥሪ ግን እንደ አደባባይ አልጮኹትም፤ ጎረቤቱን ከደጅ ሆኖ እንደሚጠራ ሰው፣ ቀስ ብለው ተጣሩ።