ጉና ላይ የሚቆመው አውሮፕላን

አላምረው ኮምፒውተር ለመምረጥ አራት ወር ፈጀበት። የንፋስ መውጫ ጓደኞቹ፣ "ሚስት እንኳ እንዲህ አትመረጥም" እያሉ ቀለዱበት። እሱ ግን ለቀልድ ጊዜ አልነበረውም። የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ለመግቢያ ፈተና ጠርቶታል፤ የፈተናው ትልቁ ክፍል ደግሞ ሲሙሌተር ላይ፣ ማለትም በኮምፒውተር አስመስሎ፣ ማብረር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚህ ሌላ የተመኘው ነገር የለም።

የበረራ ሲሙሌተሩን ባሕር ዳር ሄዶ በሃርድ ዲስክ አስጭኖ መጣ። ተራ ጌም አይደለም። ተራራውን፣ ደመናውን፣ ሐይቁን ሁሉ እንዳለ ስለሚያሳይ ደካማ ማሽን ላይ ይንፏቀቃል። እህቱ የትናየት ማሽን እንዲገዛ ለሠርጓ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ሰጠችው። "ሠርጉ የትም አይሄድም" አለችው።

ምርጫው ላይ የረዳው ፀጋዬ ነው። ፀጋዬ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ይሸጣል፣ ይጠግናል። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ያኔ መምህር ታፈረ ቃል ጽሕፈት ሲያጽፉ አላምረው መስመር ይዘል ነበር። "ልብህ የት ሄደ?" ተብሎ በአርጩሜ ይገረፋል፣ ከዚያ ፀጋዬ ደብተሩን ገለጥ አድርጎ የጎደለውን ያስቀዳዋል። እንዲህ ያለ ጓደኛ ነበር።

"ፕሮሰሰሩን ብቻ እንዳታይ" አለው ፀጋዬ ሁለት ማሽኖች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ። "ዋናው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ራሙም ከፍ ማለት አለበት።" ከዚያ ስለ ሙቀትና ስለ ማራገቢያ ማስረዳት ጀመረ።

"ታዲያ ከሁለቱ የቱ ይሻልሃል?" ሲለው አላምረው ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ጠፋበት። የኮምፒውተር ወሬ ሲበዛ ያደነዝዛል።

"አንተ ያልከው ይሁን" አለ።

በመጀመሪያው ቀን ከባሕር ዳር ተነሣ። ጣናን ዞረ፣ ደብረ ታቦርን አለፈ። የጉና ተራራ ገና ሩቅ ነበር። ወዲያው ስክሪኑ በሙሉ ጉና ሆነ፣ አውሮፕላኑም ተከሰከሰ። መሃል ላይ የነበረው መንገድ የለም፤ ማሽኑ ውጦታል።

"ስታክ ያደርጋል፤ ቆሞ ቆሞ ይዘላል" አለው ለፀጋዬ።

ፀጋዬ ቤቱ ድረስ መጥቶ ግማሽ ሰዓት አበረረው። ማሽኑ አንዴም አልዘለለም። "መብራቱ እየወረደ ይሆናል" ብሎ ዩፒኤስ አመጣለት። ለውጥ የለም፤ አንዳንዴ ጉና ላይ፣ አንዳንዴ ሊያርፍ ሲል፣ ብቻ ይዘላል። ካርዱን ቀየረለት። በመጨረሻ ከራሱ ማሽን ላይ ጥሩውን ካርድ ነቅሎ ገጠመለት። አሁንም ይዘላል።

"እኔ ሳበርረው እኮ ደህና ነው" አለ ፀጋዬ።

"ማሽኑ ሰው ይመርጣል ማለት ነዋ?" አለ አላምረው። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደግ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዝም አላለም። ፀጋዬ ያረጀ ዕቃ ወልውሎ እንደሸጠለት በየሻይ ቤቱ አወራ። ወሬው ዋለ አደረና የፀጋዬ ሱቅ ደጅ ላይ ሰው ጠፋ። አላምረው ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ደስ ያለው። የእህቱን ሠርግ ያስበላው፣ ሕልሙንም የሚያስበላው የገዛ ጓደኛው ነው ብሎ አንጀቱ አርሯል።

ፀጋዬ ሽማግሌ ላከበት። ሽማግሌው ጡረታ የወጡት መምህር ታፈረ ነበሩ።

"ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ" አሉ። "የሰው ስም በከንቱ አይጠፋም። ማስረጃ አለህ ወይ፣ አላምረው?"

"በስልክ እቀርጸዋለሁ፣ መምህር። በዓይንዎ ያዩታል።"

በማግስቱ ጠዋት ስልኩን መስኮቱ ላይ አቆመ። አጭበረበረ እንዳይባል ስክሪኑም፣ እሱም ከነእጁ ከነፊቱ በደንብ እንዲታዩ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ አበረረ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ከማራገቢያው ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። የትናየት ቆሎ የሞላበት ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች። ወዲያው የትናየት አጠገቡ ቆማ ነበር። ጉና ስክሪኑን ሞላው።

"አየሽ?" አላት። "አየሽልኝ ይሄን ሌባ?"

የትናየት ስክሪኑን አላየችም፤ እሱን ነበር የምታየው። ሰሃኑ መሬት ወድቆ ቆሎው ተበትኗል። አዝናልኛለች፣ ብሎ አሰበ።

ቪዲዮውን መልሶ ለማየት አልጓጓም። የሆነውን በዓይኑ አይቶታል። ለፈተናው ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ ዛሬ ፀጋዬ ካፈረ ነገ ሌላ ማሽን ይመጣል፣ በሰባት ቀንም ብዙ ይሠራል።

ከሰዓት በኋላ መምህር ታፈረ ቤት ተገናኙ። ፀጋዬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አላምረው ቪዲዮውን ከፍቶ ስልኩን ለመምህር ሰጣቸው።

"ይኸው፤ እርስዎ ይፍረዱ" አለ።

መምህር መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው መልሰው አዩት። ከዚያ ለፀጋዬ አቀበሉት። ፀጋዬ አይቶ ሲያበቃ አሸነፍኩ አላለም፤ ስልኩን ጭኑ ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

"ያኔ..." አሉ መምህር። "ያኔ ክፍል ውስጥ የገረፍኩህ..." አሉና ተዉት።

አላምረው ስልኩን ከፀጋዬ ጭን ላይ ነጥቆ ከፈተው። ጉና አንዴም ሳይቆራረጥ፣ ቀስ እያለ፣ ጥርት ብሎ ቀረበ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እሱ ግን አፉን ከፈት አድርጎ ፈዞ ነበር፣ እህቱ አጠገቡ ቆማ ሦስት ጊዜ በስሙ ስትጠራውም አልሰማም።