ኮምቡቻውን የሚያፈሉት እናት

«ኧረ እማዬ ተይ! እየፈጀሻቸው እኮ ነው!»

ቦዩዋን ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ምድጃውን አጠፋው።

እናቱ እማማ ሹችን ጭልፋቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ማንን ነው የፈጀሁት?»

«ኮምቡቻው ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች! ሕይወት ያላቸው ናቸው እኮ! ለአንጀት ይጠቅማሉ የሚባሉት እነሱ ናቸው… አንቺ ደግሞ እንደ ሾርባ ታንተከትኪያቸዋለሽ!»

«ታዲያ በዚህ ብርድ ልጄን ቀዝቃዛ ላጠጣ?»

ነገሩ የሆነው ሰሜን ቻይና፣ ሃርቢን ከተማ ነው… ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ዲግሪ።

እዚያ አገር ሆድህን ቢያምህ ሙቅ ውሃ… ቢያስነጥስህ ሙቅ ውሃ… ፍቅረኛህ ጥላህ ብትሄድም ሙቅ ውሃ ጠጣ ነው የምትባለው። ቀዝቃዛ የሚጠጣ ሰው ካዩ እናቶች ከንፈር ይመጡለታል።

ቦዩዋን ግን የምግብ ጥራት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። ቴርሞሜትር ከኪሱ አይጠፋም። እናቱ ቤት ሲመጣም!

በእማማ ሹችን ኩሽና፣ በትልቁ ጠርሙስ፣ ስኳር ባለው ሻይ ላይ እንደ ወፍራም ቂጣ ተንሳፍፎ ሻዩን አብላልቶ ኮምቡቻ የሚያደርገው እርሾ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከቦዩዋን የሚያንሰው በሰባት ዓመት ብቻ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከሱ ተቆርጦ ተሰጥቶታል።

እሑድ እሑድ ልጃቸው ሲመጣ ከዚያ ቀድተው፣ አፍልተው ያቀርቡለታል።

መምጣቱንስ ይመጣል… አይዋሽም። ግን የመኪናውን ሞተር አያጠፋም። «በዚህ ብርድ ካጠፋሁት አይነሳልኝም» ይላል።

ባላቸው ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሌላ ልጅ የላቸውም። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያቺን እሑድ ነው።

ቦዩዋን ቴርሞሜትሩን ድስቱ ውስጥ ነከረው።

«ሰባ ስምንት ዲግሪ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሞተ ነገር ስንጠጣ ኖረናል ማለት ነው! ካሁን በኋላ ማሞቅ የለም። ቃል ግቢልኝ። ላንቺው ጤና ብዬ ነው።»

እማማ ሹችን ድስቱን አዩ… ልጃቸውን አዩ…

«እሺ» አሉ ቀስ ብለው።

በሚቀጥለው እሑድ ኮምቡቻው ሳይሞቅ ቀረበ።

ቦዩዋን በር ላይ እንደቆመ ተቀበለና… ግልብጥ!

«ይሄ ነው እንጂ! በይ ቻው እማዬ።»

ሁለተኛውም እሑድ እንደዚያው። ግልብጥ… ቻው።

በሦስተኛው እሑድ ደረጃውን ሲወርድ ያፏጭ ነበር። የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ አስቀየርኩ ብሎ እኮ ነው!

ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ ጓንቱን መርሳቱ ትዝ አለው። ተመለሰ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል።

ጎረቤታቸው ጋሽ ቺው ወንበር ላይ ተደላድለዋል… ከኩባያቸው እንፋሎት ይወጣል!

«እማዬ! ቃል ገብተሽልኝ አልነበር?!»

ጋሽ ቺውን ትን አላቸው።

ቦዩዋን ቴርሞሜትሩን መዘዘና የጋሽ ቺው ኩባያ ውስጥ ነከረ።

«ኧረ አንተ ልጅ! ሰው እየጠጣ!»

ሰባ አንድ።

ወደ እናቱ ኩባያ ዞረ። ነከረ።

አሥራ ስድስት።

እንዴ? ቴርሞሜትሩን ጠረገና ደግሞ ነከረ።

አሥራ ስድስት!

ጋሽ ቺው በሳቅ ፈነዱ።

«እናትህ የራሷን መች አሙቃ ታውቅና! ጠዋት ጠዋት ከጠርሙሱ እየቀዳች ነው የምትጨልጠው። በሰባ ሦስት ዓመቷ ጥቅል ጎመን በጆንያ ተሸክማ አምስተኛ ፎቅ ስትወጣ አይተህ አታውቅም?»

«ታውቂ ነበር እማዬ?!»

«ሳላውቅ ቀርቼ! እርሾውን የሰጠችኝ ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን ነው እንዳታፈዪው ያለችኝ።»

«ታዲያ የኛን ለምን ታፈያለሽ?!»

እማማ ሹችን ትንሽ አፈሩ።

«አባትህ ከፋብሪካ ሲመጣ እንደቆመ ይጨልጥና ወደ ካርታ ጨዋታው ይሮጥ ነበር። አንድ ቀን ሳላስበው ሞቀብኝ… ምላሱን አቃጠለው። እስኪበርድለት ቁጭ አለ። ቁጭ ሲል ደግሞ አወራ… ከዚያ ቀን ጀምሮ ማፍላት ነው።»

«እንዲህ ነው ለካ!» ብለው ጋሽ ቺው ጠረጴዛውን መቱ። «እኔ እኮ በዚያ ዓመት ነው የካርታ ጓደኛዬን ያጣሁት!»

«አንተም ያው የአባትህ ልጅ ነህ» አሉ እማማ ሹችን። «ትኩስ ሲሆን እፍ እፍ እያልክ ሃያ ደቂቃ ትቀመጣለህ። ስለ ሥራህ ትነግረኛለህ… ስለዚያች ስለወደድካት ልጅ ትነግረኛለህ። ሳይሞቅ ስሰጥህ ግን…»

የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

«አራት ሰከንድ ነው። ቆጥሬዋለሁ። አንጀትህን ሐኪም ያይልሃል ልጄ… እኔ አንተን ነው የናፈቅኩት።»

ቦዩዋን ቴርሞሜትሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ዞሮ ወጣ።

«አስቀየምኩት!» ብለው እማማ ሹችን ወደ መስኮቱ ሮጡ።

ታች የቆመችው መኪና ጭስ… ቀጥ አለ። ሞተሩን አጥፍቶታል!

ተመልሶ ገባ። ጃኬቱን አወለቀ። ወንበር ሳበ።

«አፍይው እማዬ።»

«ስንት ዲግሪ?»

«ምላስ እስኪልጥ!»

መኪናዋ እንደፈራው በብርዱ አልነሳ አለች። እሱም እዚያው አደረ።

ወዳጆቼ… ልጁ ልክ ነው፤ ኮምቡቻ ሲፈላ ሕይወት ያለው ነገር አይተርፍበትም። ለጤናችሁ ብላችሁ ከሆነ የምትጠጡት ሳታፈሉ ጠጡ።

እናታችሁ ግን ትኩስ ካቀረበችላችሁ ዲግሪ አትለኩ… ቁጭ በሉና እፍ በሉ። ያን ሁሉ ያሞቀችው እንድትቆዩላት ነው።

እስቲ ሳትዋሹ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ… ባለፈው እናታችሁ ቤት ስትሄዱ ስንት ደቂቃ ተቀመጣችሁ?

እሷ እንደሆነ ሰዓቱን አይታለች…